ሁለት ዓመት ሙሉ በዴቢት ካርድ ከፍዬ ለምን ክሬዲት የለኝም?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 20 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተሰቦቼ ጋር በዲቪ መጥተን ሜሪላንድ እንኖራለን። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፤ በሳምንት 18 ሰዓት ካፌ ውስጥ እሠራለሁ። የባንክ ሂሳቤ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እቁብም በየወሩ በሰዓቱ እጥላለሁ። ባለፈው ወር ክሬዲት ካርድ ጠይቄ ተከለከልኩ። በዚያው ሳምንት ሌላ አራት ቦታ ሞከርኩ፤ ሁሉም እምቢ አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስዛወር ከጓደኛዬ ጋር አፓርታማ መከራየት እንፈልጋለን፤ አከራዮቹ ደግሞ ስኮር (ከብድር ታሪክ የሚሰላ ነጥብ) ይጠይቃሉ። አጎቴ ‹ካርድ ስታገኚ በየወሩ ትንሽ ዕዳ እያስቀረሽ ክፈይ› ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹መኪና ልገዛ ነው፣ ለብድሩ አብረሽኝ ፈርሚ፣ ኮ-ሳይን አድርጊልኝ፤ ያንቺም ክሬዲት በዚያው ይገነባል› አለኝ። የቱን ላድርግ?»

የተከለከልሽው ክሬዲትሽ ተበላሽቶ ሳይሆን ክሬዲት የሚባል መዝገብ ስለሌለሽ ነው። የተበላሸ ክሬዲት እስኪጠገን ዓመታት ይፈጃል፤ የሌለውን ለመጀመር ግን ወራት ይበቃሉ። ስለዚህ አሁን ያለሽበት ቦታ መጥፎ አይደለም። መጥፎ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ በችኮላ የምታደርጊው ነገር ነው፤ ካነሳሻቸው ሐሳቦች ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ያሉ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው። የሚያውቁት አበዳሪ የላከላቸውን ብቻ ነው። ዴቢት ካርድ የሚያወጣው የራስሽን ገንዘብ ነው፤ ያበደረሽ ስለሌለ ለኩባንያዎቹ የሚላክ ነገርም የለም። ሂሳብሽ ውስጥ አሥር ሺህ ዶላር ቢቀመጥ እንኳ እነሱ ዘንድ አይታይም። በቅድሚያ የምትከፍይው ስልክና ለዘመድ በእጅ የሚሰጥ የቤት ኪራይም እንደዚያው ነው። አገር ቤት ከባንክ ተበድሮ በሰዓቱ የጨረሰ ሰው ታሪኩ እዚያው ብሔራዊ ባንክ ያለው የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ይቀራል እንጂ ውቅያኖስ አይሻገርም። አባትሽ ሠላሳ ዓመት የታመኑ ነጋዴ ቢሆኑም እዚህ የሚጀምሩት ካንቺ እኩል ከባዶ ነው። የሰው ክብር የሚነካ አሠራር ነው፤ ብዙ አባቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያዝኑ አይቻለሁ። ግን መዝገቡ የሚጽፈው ታማኝነትን ሳይሆን ሪፖርት የተደረገ ብድርን ነው፤ ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ግልጽ ይሆንልሻል።

እቁቡን በተመለከተ ቅር መሰኘትሽ ይገባኛል፤ እቁብ በእርግጥም ብድር ነውና። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው ከሌሎቹ አባላት ያለወለድ ተበድሮ በየወሩ ዕዳውን እየከፈለ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ደግሞ ሲያበድር ከርሟል። ዋስ አለው፣ ቀን አለው፣ ያልከፈለ ሰው ስሙ ይጎድፋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰብሳቢው የከፈልሽውን ለሦስቱ ኩባንያዎች አይልክም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ2007 የተቋቋመው ሚሽን አሴት ፈንድ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ይህንኑ የእቁብ አሠራር ይዞ የአባላቱን ክፍያ ለሦስቱ ኩባንያዎች ሪፖርት ያደርጋል፤ ብዙ ስደተኞች የመጀመሪያ ክሬዲታቸውን ያገኙት እዚያ ነው። የኛ እቁብ ግን እንዲህ ያለ ድርጅት መሃል ካልገባበት ለስኮር አይቆጠርም። አትተዪው፤ ከሱ የምታገኚው ጥሪት ከታች ለምነግርሽ ዲፖዚት ይሆንሻል።

አሁን ወደተከለከልሽባቸው ደብዳቤዎች እንመለስ። አበዳሪ ሲከለክል ምክንያቱን እንዲገልጽ ሕግ ያስገድደዋል። ደብዳቤዎቹን ካልጣልሻቸው አውጥተሽ የምክንያቱን መስመር አንብቢ። «በቂ የብድር ታሪክ የለም» የሚል ከሆነ እስካሁን ያልኩት ነው። ስለ ገቢ የሚያወራ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ አመልካች በራሱ ገቢ መክፈል የሚችል መሆኑን እንዲያሳይ፣ አለበለዚያ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። የአባትሽን ደመወዝ ቅጹ ላይ መሙላት አትችዪም። የራስሽን ደመወዝና ከትምህርት ክፍያ የተረፈ ስኮላርሺፕ ካለ እሱን ትሞዪያለሽ። በሳምንት 18 ሰዓት፣ በሰዓት 15 ዶላር ብናስብ ዓመቱን ሙሉ ከሠራሽ 14,040 ዶላር ይመጣል። ለአነስተኛ ካርድ ይበቃል፤ ከፍ አድርገሽ አትሙዪ። ገቢን ዋሽቶ መበደር ወንጀል ነው፤ አንቺ ደግሞ ዜግነት ገና የምትጠይቂ ሰው ነሽ።

በአንድ ሳምንት አምስት ቦታ ማመልከትሽ ስህተት ነበር። እያንዳንዱ ማመልከቻ መዝገብሽ ላይ አንድ መስመር ያስቀምጣል፤ መስመሩ ለሁለት ዓመት ይታያል፣ ፋይኮ የተባለው የስኮር አሠራር የሚቆጥረው ግን 12 ወሩን ብቻ ነው። አንዱ ለብቻው ትንሽ ነጥብ ነው የሚቀንሰው። ሆኖም ሌላ ምንም የሌለበት መዝገብ ላይ አምስት ጥያቄ ተደርድሮ ሲታይ፣ ለሚቀጥለው አበዳሪ «ይቺ ልጅ ገንዘብ ቸግሯታል» ይመስለዋል። አሁን ባለበት ይቁም። ከዚህ በኋላ ከማመልከትሽ በፊት ባንኩ የቅድሚያ ማጣሪያ እንዳለው ጠይቂ፤ እሱ መዝገብ ላይ ጉዳት የለውም።

ስኮሩ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ፋይኮ ሲያሰላ 35 በመቶውን የሚሰጠው በሰዓቱ ለመክፈልሽ ነው፤ 30 በመቶው ከተፈቀደልሽ ውስጥ ምን ያህሉን እንደተጠቀምሽ ነው፤ 15 በመቶው የታሪክሽ ዕድሜ፤ የቀረው 20 በመቶ ለአዳዲስ ማመልከቻዎችና ለብድር ዓይነቶች እኩል ይከፈላል። ከዚህ የምትይዢው ቁም ነገር፣ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በእጅሽ መሆኑን ነው፦ በሰዓት መክፈልና ትንሽ መጠቀም። ፋይኮ ስኮር ለማውጣት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሂሳብ ይፈልጋል። ቫንቴጅስኮር የሚባለው ሌላው አሠራር ግን ቶሎ ቁጥር ያወጣል፤ ስልክሽ ላይ ያለው መተግበሪያ የሚያሳይሽ ብዙ ጊዜ እሱን ነው። አከራዩ የሚያየው ሌላ ቁጥር ቢሆን አትደንግጪ።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ምክሬ አንድ ነው፦ በዲፖዚት የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ፣ ሴኪዩርድ ካርድ የሚሉትን፣ አንድ ብቻ አውጪ። 200 ወይም 300 ዶላር ታስይዣለሽ፤ ሊሚትሽ (ካርዱ የሚፈቅድልሽ ጣሪያ) ብዙ ጊዜ ያንኑ ያህል ይሆናል። ባንኩ መያዣ ስላለው ታሪክ የሌለውን ሰው ለመቀበል አይፈራም። የተማሪ ካርድ የሚባለውም ጥሩ ነው፤ ያለመያዣ ይሰጣል። አምስት ጊዜ ከተከለከልሽ በኋላ ግን ስድስተኛ ዕድል መሞከር አልመክርሽም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ያስያዝኩት ገንዘብ ስላለ ቢሉን ከዚያ ይቀንሱት ብሎ ዝም ማለቱ ነው። አይቀነስም። ዲፖዚቱ መያዣ ነው፤ የገዛሽበትን በየወሩ ለብቻው ትከፍያለሽ፣ ካልከፈልሽ እንደማንኛውም ዕዳ ዘግይቶ ይመዘገብብሻል። በደንብ ከከፈልሽ ባንኩ ከወራት በኋላ ካርዱን ወደ መደበኛ ቀይሮ ዲፖዚቱን ይመልስልሻል።

የአጎትሽ ምክር ግን ከክፉ ልብ ባይሆንም የተሳሳተ ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ስሰማው ዓመታት አልፈዋል። ዕዳ ማሳደር ስኮር አይጨምርም፤ ወለድ ብቻ ያስከፍላል። የካርድ ወለድ ዛሬ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 24 በመቶ ብንል፣ ሺህ ዶላር ያሳደረ ሰው በወር ሃያ ዶላር ገደማ በከንቱ ይሰጣል። ሙሉውን ከከፈልሽ ወለድ የለም፤ ባንኩ መግለጫውን (የወሩን የዕዳ ዝርዝር) ካወጣ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን እንዲሰጥሽ ሕጉ ያዘዋል። አጎትሽ ሰምተውት ሊሆን የሚችለው እውነት፣ ካርዱ ጥቅም ላይ እየዋለ መታየት አለበት የሚለው ነው። እሱ ደግሞ ያለወለድ ይሆናል።

እንዴት እንደሚሆን በአንድ ወር ላሳይሽ። ሊሚትሽ 300 ዶላር ነው እንበል። ካርዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስቀምጪ፣ የስልክሽን 40 ዶላር። መግለጫው መጋቢት 12 ይዘጋል፤ 40 ዶላር አለብሽ ይላል። ያን ጊዜ ባንኩ ለሦስቱ ኩባንያዎች የሚልከው ያንን ቁጥር ነው፦ ከ300 ውስጥ 40፣ 13 በመቶ። የመክፈያው ቀን ሚያዝያ 7 ነው። አውቶፔይ (በራሱ የሚከፍል ትዕዛዝ) ላይ «ሙሉ የመግለጫ ዕዳ» የሚለውን መርጠሽ ስለተውሽው ሚያዝያ 7 ከሂሳብሽ 40 ዶላር ይወጣል። ወለድ ዜሮ፤ መዝገብሽ ላይ «በሰዓቱ ከፍላለች»። (ቀኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አሁን በዚያው ካርድ የመማሪያ መጻሕፍት በ270 ዶላር ገዛሽ እንበል። በሰዓቱ ብትከፍይውም መጋቢት 12 ላይ የሚላከው 90 በመቶ የተጠቀመች ሰው ቁጥር ነው፤ ስኮሩ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መግለጫው ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ አብዛኛውን ክፈይ። ከ30 በመቶ በታች ጥሩ ነው፣ ከ10 በታች የበለጠ። ደግሞም አንድ ወር ይህን አስቀድሞ መክፈል ቢያመልጥሽ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ስታደርጊው ስኮሩ አብሮ ይመለሳል።

መዘግየት ግን እንደዚያ አይመለስም። 30 ቀን ያለፈው ክፍያ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት ይቆያል። አምስት ቀን ብቻ ካለፈሽ የመዘግየት ቅጣት ሊጠይቁሽ ይችላሉ እንጂ ለሦስቱ ኩባንያዎች አይደርስም፤ ባወቅሽበት ቀን ክፈይና ደውለሽ ቅጣቱን እንዲያነሱልሽ ጠይቂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ተማሪዎቻችን በብዛት የሚወድቁት ለክረምት አዲስ አበባ ሲሄዱ ነው። የአሜሪካው ሲም ካርድ ይወጣል፣ የማረጋገጫ መልእክት አይደርስም፣ የ40 ዶላር ቢል ሁለት ወር ይተኛል። ከመሄድሽ በፊት አውቶፔዩ የተያያዘበት ሂሳብ ላይ የሦስት ወር ክፍያ ትተሽ ሂጂ። ከካርዱ ጥሬ ገንዘብም በፍጹም አታውጪ፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል።

አጎትሽ በእርግጥ ሊረዱሽ ከፈለጉ የተሻለ መንገድ አለ። የቆየና ዕዳው ዝቅተኛ የሆነ ካርድ ካላቸው አንቺን ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርገው ያስመዝግቡሽ። ካርዱን እጅሽ ላይ መስጠት አያስፈልጋቸውም፤ የካርዱ ታሪክ ባንቺም መዝገብ ላይ ይወጣል። ሁለት ነገር ግን አስቀድመሽ በትሕትና ጠይቂያቸው፦ ባንካቸው ተጨማሪ ተጠቃሚን ሪፖርት ያደርጋል ወይ፣ ካርዱ ላይስ ምን ያህል ዕዳ አለ? ሊሚቱ ጫፍ የደረሰ ካርድ ከሆነ ጉዳቱ ላንቺም ይተርፋል። አንዳንድ አበዳሪዎች በሰው ካርድ የተገኘን ታሪክ አሳንሰው ስለሚያዩት የራስሽን ካርድ አይተካም።

የመኪናውን ነገር አታድርጊው። ኮ-ሳይን ማለት «ልጁ ጨዋ ነው» ብሎ መመስከር አይደለም፤ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ያንቺ ይሆናል። ስትፈርሚ የሚሰጡሽ ወረቀት ራሱ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን መጀመሪያ ሳይጠይቅ በቀጥታ አንቺን ሊያስከፍል እንደሚችል ይናገራል። በሥራዬ ያገኘኋት አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ለዘመዷ ፈርማ፣ እሱ ሥራ ሲያጣ መኪናው ተወሰደ፤ ተሸጦም ዕዳውን ሳይሸፍን ቀረና ቀሪው በስሟ መጣ። ያ ልጅ ሌባ አልነበረም፣ ሥራ ነው ያጣው። መኪናውን በስምሽ ገዝተሽ እሱ የሚነዳው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ለአበዳሪው በሐሰት መናገር ስላለበት ጣጣው ከክሬዲት ያልፋል። ዘመድን እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። «ባለሙያ ጠይቄ ገቢዬ አይበቃም ብሎኛል» በይው፤ እውነትም ነው፣ አይበቃም። ገንዘብ ካለሽ ከምትፈርሚ የምትችይውን ስጪው፤ የስጦታ ኪሳራ መጠኑ ይታወቃል።

ከዚሁ ጋር «በሠላሳ ቀን 700 እናደርስሻለን» የሚሉ ሰዎች ይመጡብሻል። ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይሠሩ አስቀድመው ገንዘብ መቀበል በሕግ ተከልክለዋል። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፈንታ የምትጠቀሚበት ሌላ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ካቀረቡልሽ ሽሺ፤ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፣ አንዳንዴም የሕፃን ልጅ ሶሻል ነው።

ስለ ትምህርት ብድር ባጭሩ፦ ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌዴራል የተማሪ ብድር ማግኘት ትችያለሽ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ክሬዲት አይጠየቅበትም። ለትምህርት ካስፈለገሽ ውሰጂ፣ ለስኮር ብለሽ ግን አትውሰጂ። በተማሪ ቪዛ ያሉ አንባቢዎች ይህ አይመለከታቸውም። እነሱ ሶሻል የሚያገኙት እንደ ግቢ ውስጥ ሥራ ያለ የተፈቀደ ሥራ ሲኖራቸው ነው፤ እስከዚያ በፓስፖርት ወይም በግብር መለያ ቁጥር ማመልከቻ የሚቀበሉ ባንኮችን ይፈልጉ።

አፓርታማውን በተመለከተ፣ ካርዱን በዚህ ወር ካወጣሽ የመጀመሪያው ፋይኮ ከስድስት ወር በኋላ ይወጣል፤ ለኪራይ ስታመለክቺ ንጹሕ ግን አጭር ታሪክ ይኖርሻል። ቁጥሩ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ስኮሩ ቢያምርም ብዙ አከራዮች ከኪራዩ ሦስት እጥፍ የሚሆን ገቢ ስለሚጠይቁ የካፌ ደመወዝሽ ብቻውን አያደርስሽም፤ ወላጆችሽ ተያዥ እንዲሆኑ ከአሁኑ ተነጋገሪበት። «ተጨማሪ ዲፖዚት እከፍላለሁ» ማለት ሜሪላንድ ውስጥ አያዋጣም፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሕጉ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት እንዳይቀበል አድርጓል። የሚጠይቅሽ ካለም ይህን አስታውሺው።

ካርዱ ከወጣ ሦስተኛው ወር ላይ የሦስቱንም ኩባንያዎች ሪፖርት በአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም አውጥተሽ እዪ፤ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። እኛ ደግሞ ከማንም የበለጠ ምክንያት አለን። ወንድምና እህት አንድ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው፣ አንድ አድራሻ ላይ እየኖሩ፣ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል አንድ ሲሆን መዝገባቸው ሊቀላቀል ይችላል። ፓስፖርት ላይና ሶሻል ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ የተለያየ አጻጻፍ ካለሽ ደግሞ አንዱ ታሪክ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል። ስህተት ካገኘሽ ለኩባንያው በጽሑፍ አቤት በይ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት።

ሰኞ መጀመሪያ የምትሄጂው ዴቢት ካርድሽን ወዳወጣሽበት ባንክ ወይም የኮሌጅሽን ተማሪዎች ወደሚያስተናግድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ነው። ግሪን ካርድሽን፣ ሶሻል ካርድሽንና የመጨረሻ ሁለት የደመወዝ ወረቀቶችሽን ያዢ፤ ስምሽ በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን እዪ። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሴኪዩርድ ካርዱ ለሦስቱም ኩባንያዎች ሪፖርት ይደረጋል? ዓመታዊ ክፍያ አለው? ዲፖዚቱ መቼ ይመለሳል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይደረግም» ካሉሽ፣ ወይም «ማየት አለብኝ» ብለው በግልጽ ካልመለሱልሽ፣ ሳትፈርሚ ወጥተሽ ወደ ሌላው ሂጂ።